በጥቂት ቢት ብዙ መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2011 ክረምት አንድ የ27 ዓመት ወጣት የእናታቸው አገር ወደሆነችው ኢትዮጵያ መጡ። ኤምአይቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የጨረሱት በዚያው ዓመት ነበር። ቀጣዩ የምርምር ሥራ እስኪጀመር ያለውን ጊዜ ዘመድ ሲጠይቁና ሲያርፉ ቢያሳልፉት ማንም አይፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ ዝናባማ ወቅት አዲስ አበባ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስበው አልጎሪዝም ማስተማር ያዙ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከዚያ በፊት አንድ መስመር ኮድ እንኳ ጽፈው አያውቁም። የሚማሩት ደግሞ ሌላ አገር ያሉ እኩዮቻቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ያውም ሁለተኛ ዓመት አካባቢ የሚያገኙትን ነው።

ሰውየው ጀላኒ ኔልሰን ይባላሉ። ዛሬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እናታቸው ኢትዮጵያዊት፣ አባታቸው አፍሪካ አሜሪካዊ ናቸው። ያደጉት በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ሴንት ቶማስ ደሴት ነው። እዚያ ሆነው ገና በልጅነታቸው በራሳቸው ጥረት ኤችቲኤምኤል ተማሩ። ኤምአይቲ ገብተው ሒሳብንና ኮምፒውተር ሳይንስን ጎን ለጎን አጠኑ፤ በዶክትሬት ሥራቸውም ኤሪክ ዴሜይንና ፒዮትር ኢንዲክ አማክረዋቸዋል። በርክሌይና ፕሪንስተን ከቆዩ በኋላ በ2013 ሃርቫርድ መምህርነት ጀመሩ፤ በ2019 ወደ በርክሌይ ተዛወሩ።

እንዲህ ያለውን የሕይወት ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ላይ ነው። “የእኛ ሰው እዚያ ደረሰ” ብለን እንኮራለን፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። እዚያ ላይ ካቆምን ግን ሰውየው የሠሩት ሥራ ያመልጠናል። የፕሮፌሰር ጀላኒ ምርምር ውስብስብ ሒሳብ ቢሆንም ጥያቄው ግን አስረኛ ክፍል ላለ ልጅ ሊነገር የሚችል ነው፤ በጣም ትንሽ ማስታወሻ ያለው ማሽን ስለ በጣም ብዙ ነገር ምን ያህል ሊያውቅ ይችላል? የኮምፒውተር ትምህርት ከማሽኑ ጀምሮ ወደ ሐሳቡ ይሂድ ወይስ ከሐሳቡ ይነሣ ለሚለው የእኛ አገር ክርክር ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ በየሰከንዱ ሚሊዮን መልእክት ያልፋል እንበል። መስመሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ፈጣን ነው፤ ማስታወሻው ግን ትንሽ ነው። ያለፈውን ሁሉ መዝግቦ ማታ ላይ ቁጭ ብሎ ሊቆጥረው አይችልም። መልእክቱን የሚያየው አንድ ጊዜ፣ ሲያልፍ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ “ስንት አለፈ?”፣ “ከስንት የተለያዩ ቦታዎች መጣ?”፣ “ከሁሉም በላይ የተመላለሰው የትኛው ነው?” ተብሎ ይጠየቃል። አንድ አጥቂ ሺህ ኮምፒውተሮችን አስተባብሮ ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲያዘምት የሚታወቀው እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በወቅቱ መመለስ ሲቻል ነው። የዚህ ዘርፍ ሰዎች ከሚያልፈው ጎርፍ ላይ የሚያስቀሩትን አጭር መዝገብ ስኬች ይሉታል። የጀላኒ የዶክትሬት ጽሑፍም ርእሱ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅ የሚመልሰው ይመስላል። መቁጠር ነዋ! ሆኖም ለመቁጠርም ቦታ ያስፈልጋል። እስከ አንድ ሚሊዮን በትክክል ለመቁጠር 20 ቢት፣ ማለትም 20 የዜሮና አንድ ማስቀመጫ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ሮበርት ሞሪስ በጽሑፍ ውስጥ የፊደል ስህተት የሚያድን ፕሮግራም ላይ ሳለ የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። የፊደላትን ጥምረት ለመቁጠር እጅግ ብዙ ቆጣሪ ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ግን ከ8 ቢት በላይ ቦታ አልነበረውም። በ8 ቢት ደግሞ በተለመደው መንገድ ከ255 በላይ መቁጠር አይቻልም። ሞሪስ በ1978 ያሳተመው መፍትሔ ሳንቲም መወርወር ነበር።

ይህን ዘዴ አንብቦ ከመረዳት ሠርቶ ማየት ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አስረኛ ክፍል ከሆነች የእህቴ ልጅ ጋር መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ሥራችን ከታች የሚያልፉትን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች መቁጠር ነው። እሷ በደብተሯ ላይ ጭረት እያሰመረች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። እኔ አንዲት የአንድ ብር ሳንቲምና በወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ብቻ ይዣለሁ። የአንበሳው ራስ ያለበትን ጎን ጎፈር፣ ሚዛኑ ያለበትን ዘውድ አልነው።

ሕጉ ይህ ነው። ወረቀቴ ላይ ያለችው ቁጥር ከዜሮ ትነሣለች። የመጀመሪያው ታክሲ ሲያልፍ ያለ ምንም ውርወራ 1 አደርጋታለሁ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ባለፈ ቁጥር፣ ወረቀቴ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ሳንቲሙን እወረውራለሁ። ሁሉም ዘውድ ከወጣ ቁጥሬን በአንድ ከፍ አደርጋለሁ። አንድ ጎፈር እንኳ ከመጣ ታክሲው እንዳላለፈ ቆጥሬ እተወዋለሁ። ቁጥሬ 1 ሲሆን አንድ ዘውድ ይበቃኛል፤ 2 ሲሆን ሁለት ተከታታይ ዘውድ፤ 6 ሲሆን ስድስት ተከታታይ ዘውድ ያስፈልገኛል። ቁጥሩ ባደገ መጠን መውጣቱ እየከበደው ይሄዳል። “ስንት አለፈ?” ስባል ደግሞ በቁጥሬ ልክ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቼ አንድ እቀንሳለሁ።

“መቶ ሞላ” አለች። የእኔ ወረቀት 6 ይላል። ስድስት ሁለቶች ሲባዙ 64፤ አንድ ሲቀነስ 63።

“ታዲያ 37 ታክሲ የት ገባ?” ብላ ሳቀች።

እንደገና ከዜሮ ጀመርን። በዚህኛው ዙር እሷ መቶ ስትሞላ የእኔ ቁጥር 7 ላይ ደርሷል፤ ግምቱ 127። አንዱ አነሰ፣ ሌላው በለጠ፤ የሁለቱ አማካይ 95 ነው። ሳቋን ትታ ደብተሯን ወደኔ ገፋች። “ለምን?” አለች።

መልሱ ያምራል። ቁጥሬ 6 ላይ ሳለ ግምቴ 63 ነው። ወደ 7 ከተሸጋገረ ግምቴ በአንዴ 127 ይሆናል፤ በ64 ይዘላል ማለት ነው። ስድስት ተከታታይ ዘውድ የማግኘት ዕድሌ ግን ከ64 አንድ ነው። ከ64 ጊዜ አንዴ በ64 የሚዘል ግምት፣ በአማካይ በእያንዳንዱ ታክሲ የሚጨምረው ስንት ነው? ልክ አንድ። ቁጥሬ 3 ቢሆንም፣ 10 ቢሆንም፣ 20 ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም፤ ዝላዩ በሰፋ ልክ ዕድሉ ይጠባል። አንድ ዙር ብቻውን ሊስት ይችላል፤ ግምቱ ግን ወደ ታችም ወደ ላይም አያደላም። ሚሊዮን ታክሲ ቢያልፍ ወረቀቴ ላይ ያለችው ቁጥር 20 አካባቢ ብትደርስ ነው፤ 20ን ለመጻፍ ደግሞ 5 ቢት ይበቃል። ስህተቱን ለማጥበብ ከፈለግን ዝላዩን ከእጥፍ ያነሰ ማድረግ እንችላለን፤ ያኔ ጥቂት ቢት እንጨምራለን።

የፕሮፌሰር ጀላኒ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የሞሪስ ዘዴ ከ40 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። በ2020 እሳቸውና ሁዋቼንግ ዩ ይፋ ባደረጉት ጽሑፍ ግን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አረጋገጡ። ዘዴው በጥቂቱ ከተስተካከለ ከዚያ በፊት ይታሰብ ከነበረው ባነሰ ቢት የተፈለገውን ያህል አስተማማኝ ይሆናል። ከዚህ በታች ደግሞ መውረድ አይቻልም። የትኛውም ብልህ ሰው፣ ዛሬም ሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በዚያው የትክክለኛነት ደረጃ ከዚህ በጎላ መጠን ባነሰ ቦታ የሚቆጥር ዘዴ ሊያገኝ አይችልም። ይህ በልምድ የተደረሰበት አይደለም፤ የሒሳብ ማረጋገጫ ያለው ነው።

ስለ ኮምፒውተር ስናወራ የለመድነው “ይቻላል” የሚለውን ነው፤ አዲስ መተግበሪያ ወጣ፣ አዲስ ማሽን መጣ ነው ወሬው። “ከዚህ በታች አይቻልም” ብሎ ማረጋገጥ ግን ሌላ ዓይነት ድፍረት ይጠይቃል፤ ገና ስላልተፈጠሩ ዘዴዎች ሁሉ በአንዴ መናገር ነውና። በጀላኒ የምርምር ሕይወት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ይህ ነው። ዘዴ ያገኛሉ፤ ከዚያም ዘዴው የመጨረሻው ጠርዝ ላይ መድረሱንና አለመድረሱን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛውን ጥያቄ እንይ። በአንድ ቀን ስንት የተለያዩ ስልኮች በአንድ ጣቢያ ተጠቀሙ? አንዱ ስልክ መቶ ጊዜ ሊደውል ይችላል፤ መቆጠር ያለበት ግን አንዴ ነው። “ይሄን አይቼዋለሁ” ለማለት የታዩትን ሁሉ መመዝገብ የግድ ይመስላል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፍላጆሌና ባልደረባው ናይጄል ማርቲን በ1983 ግድ እንዳልሆነ አሳዩ። እያንዳንዱ የስልክ ቁጥር ሃሽ በሚባል ስሌት ውስጥ ያልፍና የሳንቲም ውርወራ የሚመስል የዜሮና አንድ ድርድር ይወጣለታል። ያው ቁጥር በመጣ ጊዜ ሁሉ ያው ድርድር ነው የሚወጣው። ማሽኑ የሚያስታውሰው በድርድሮቹ መነሻ ላይ ካያቸው ተከታታይ ዜሮዎች ረጅሙን ብቻ ነው። በአሥር ዜሮ የሚጀምር ድርድር የሚገኘው በአማካይ ከ1024 አንዴ ነው፤ ስለዚህ አሥር ዜሮ ያየ ማሽን “ወደ ሺህ የሚጠጉ የተለያዩ ስልኮች ሳያልፉ አልቀሩም” ይላል። መቶ ጊዜ የደወለው ስልክ መቶ ጊዜ ያንኑ ድርድር ስለሚያወጣ ግምቱን አያዛባውም።

ይህ ሐሳብ ከወረቀት ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። ፍላጆሌ ከሌሎች ጋር በ2007 ያወጣው ሃይፐርሎግሎግ የተባለው ዘዴ በ1.5 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ከቢሊዮን በላይ የተለያዩ ነገሮችን በ2 በመቶ ገደማ ስህተት ይገምታል። ዛሬ በትላልቅ የዳታ ቋቶች ውስጥ ይሠራበታል። ያልተመለሰ ጥያቄ ግን ነበር፤ በተረጋገጠ ሒሳብ፣ በትንሹ ቦታና በትንሹ ጊዜ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሟላ ዘዴ አለ? ዳንኤል ኬን፣ ጀላኒ ኔልሰንና ዴቪድ ውድረፍ በ2010 መለሱት፤ አለ። ከፍላጆሌና ማርቲን 27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጽሑፉ በቀረበበት የዳታ ቋት ጉባኤ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ጀላኒ ያኔ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ።

ሦስተኛው ሥራ ለማስረዳት ይከብዳል፤ ቢሆንም ዘልዬው አላልፍም። ኮምፒውተር አንድን ፎቶ፣ ዘፈን ወይም ጽሑፍ የሚያውቀው በረጅም የቁጥር ዝርዝር ነው። ሁለት ፎቶዎች ይመሳሰላሉ ወይ ለማለት የሁለቱን ዝርዝሮች ርቀት ያሰላል። ዝርዝሩ መቶ ሺህ ቁጥር ካለው፣ ፎቶዎቹም ሚሊዮን ከሆኑ ስሌቱ ማሽኑን ያንበረክከዋል። ዊልያም ጆንሰንና ዮራም ሊንደንስትራውስ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት በ1984፣ ለኮምፒውተር ሳያስቡ፣ ለራሳቸው የሒሳብ ጉዳይ አንድ ነገር አረጋገጡ። ማንኛውንም ረጅም ዝርዝር በዘፈቀደ በተመረጡ አቅጣጫዎች አሳጥሮ መጻፍ ይቻላል፤ በነገሮቹ መካከል ያለው ርቀትም ከተፈቀደው ጥቂት ስህተት በላይ አይዛባም። ሚሊዮን ፎቶዎችን፣ አሥር በመቶ ስህተት ከፈቀድን፣ በጥቂት ሺህ ቁጥሮች መጻፍ ይበቃል። የሚገርመው ደግሞ የመጀመሪያው ዝርዝር ርዝመት ለውጥ አለማምጣቱ ነው። መቶ ሺህም ይሁን ቢሊዮን፣ ያጠረው ዝርዝር ርዝመት የሚወሰነው በነገሮቹ ብዛትና በተፈቀደው ስህተት ብቻ ነው።

ኬንና ኔልሰን ይህን ማሳጠር የሚያፈጥን ዘዴ አበጁ፤ በማሳጠሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቁጥር ዜሮ ቢሆንም ውጤቱ እንደማይበላሽ አሳዩ። በዜሮ ማባዛት ሥራ ስለማይጠይቅ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ከዚያ ደግሞ ያው የጠርዙ ጥያቄ መጣ፤ ከጆንሰንና ሊንደንስትራውስ በታች ማሳጠር ይቻላል? ብዙዎች ሞክረዋል፤ ወደ መልሱ በጣም የቀረቡ ነበሩ፤ የቀረች ክፍተት ግን ነበረች። በ2017 ጀላኒ ዴንማርክ ኦርሁስ ከሚያስተምረው ካስፐር ግሪን ላርሰን ጋር ሆነው ክፍተቷን ዘጉ። አይቻልም። ጀላኒ በተወለዱበት ዓመት የታተመው ውጤት፣ ከ33 ዓመት በኋላ በእሳቸውና በባልደረባቸው እጅ የመጨረሻው ጠርዝ መሆኑ ተረጋገጠ።

እንዲህ ያለውን ምርምር የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ጥሩ መምህር አይሆኑም። እኚህ ግን ናቸው፤ ይህን ለማለት የሰው ምስክርነት አላስፈለገኝም። በ2014 ሃርቫርድ ያስተማሩት የከፍተኛ አልጎሪዝም ኮርስ በሙሉ ተቀርጾ ዩትዩብ ላይ በነፃ ተቀምጧል። ብዙውን ክፍል ተከታትዬዋለሁ። አንድ ማረጋገጫ ሲጀምሩ መጀመሪያ ሊደርሱበት የሚፈልጉትን ይጽፋሉ። ከዚያ በቀላሉ ወደ አእምሮ የሚመጣውን መንገድ ይወስዱና የት ላይ እንደሚሰናከል ያሳያሉ። ተማሪው ችግሩን በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ብቻ ነው መፍትሔው የሚመጣው። እኔ የተማርኩባቸው ብዙ ክፍሎች ውስጥ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር፤ መጀመሪያ ቀመሩ ይሰጠን ነበር፤ ለምን እንዳስፈለገ ግን ሳንሰማ እንፈተናለን።

አሁን ወደዚያ ክረምት ልመለስ፤ ምክንያቱም በ2011 የተጀመረው ነገር በዚያ አልቀረም። አዲስኮደር የተባለው ይህ ፕሮግራም አድጎ በተለያዩ ክረምቶች ከአገሪቱ የተለያዩ ክልሎች ለመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አራት ሳምንት የሚፈጅ ነፃ ትምህርት ሰጥቷል። እስካሁን ከ500 በላይ ተማሪዎች አልፈውበታል። የሚያስተምሩት ከትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎችና ከቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ከተማሪዎቹ መካከል ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ስታንፎርድና ኮሎምቢያ የገቡ አሉ። መነሻው የፓይተን ቋንቋ ሀሁ ነው፤ በአራተኛው ሳምንት የሚደረሰው ግን ሪከርዥን፣ ግራፍና ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ላይ ነው። የዘርፉን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ትንፋሹን ይይዛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚወድቅባቸው ርእሶች ናቸው።

በአራት ሳምንት እንዴት ይቻላል? ለሚጠራጠር አንባቢ በዚህ ትምህርት የታወቀውን የደረጃ ጥያቄ ላሳይ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣችሁ ነው። በአንድ እርምጃ አንድ ደረጃ ወይም ሁለት ደረጃ መውጣት ትችላላችሁ። አሥር ደረጃ ለመውጣት ስንት የተለያየ መንገድ አለ? በጭፍን መዘርዘር ያሰለቻል። ይልቁንስ ከላይ ሆናችሁ ጠይቁ፤ አሥረኛው ላይ የደረስኩት ከየት ነው? ወይ ከዘጠነኛው በአንድ፣ ወይ ከስምንተኛው በሁለት። ሌላ የለም። ስለዚህ የአሥር መልስ የዘጠኝና የስምንት መልስ ድምር ነው፤ የዘጠኝም እንዲሁ። ለአንድ ደረጃ 1 መንገድ፣ ለሁለት ደረጃ 2፣ ከዚያ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55 እያለ አሥረኛው ላይ 89 ይሆናል።

ይህን “የዘጠኝና የስምንት ድምር” እንዳለ በፓይተን ብንጽፈው ሦስት አራት መስመር ነው፤ በሪከርዥን፣ ማለትም ራሱን መልሶ እየጠራ፣ ይሠራል። ለ10 ወዲያው ይመልሳል። ለ50 ስንጠይቀው ግን ዝም ይላል። ፕሮግራሙ የ48ን መልስ ለ50 አንዴ፣ ለ49 ደግሞ አንዴ እያለ፣ የዝቅተኞቹን ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ እንደ አዲስ ያሰላል፤ ጠቅላላ ራሱን የሚጠራው ከ25 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ያገኘውን መልስ በማስታወሻ እንዲይዝ አንዲት ሠንጠረዥ ብንሰጠው፣ ያው ጥያቄ ሃምሳ በማይሞላ ድምር ያልቃል፤ መልሱ 20,365,011,074። ፈጣን ኮምፒውተር አልገዛንም፤ የሠራነውን ደግመን ላለመሥራት ብቻ ወሰንን። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የሚባለው አስፈሪ ነገር መነሻው ይህ ነው።

ይህንንም ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ሠንጠረዡን በእርሳስ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ እኔ ያልጠየቅኳትን ጠየቀች። “ሰባተኛው ደረጃ ተሰብሮ ቢሆንስ?” ቀና ብዬ ሳላያት ራሷ ሰባተኛው ላይ ዜሮ ጻፈችና ቀጠለች፤ 13፣ 0፣ 13፣ 13፣ 26። ከ89 መንገድ 26ቱ ብቻ ቀሩ። ኮምፒውተር አልነበረም፤ መብራትም ሄዶ ነበር።

ይህች ልጅ በትምህርት ቤቷ አይሲቲ ትማራለች። ደብተሯን አይቼዋለሁ፤ የግብዓትና የውጤት መሣሪያዎች ዝርዝር፣ የኮምፒውተር ትውልዶች፣ የሶፍትዌር ዓይነቶች። እኔም በዘመኔ ይህንኑ ነው የሸመደድኩት፤ ሃርድ ዲስክ በዓይኔ ሳላይ ትርጉሙን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በዚህ መምህራኑን አልወቅስም። ሃምሳና ስልሳ ተማሪ፣ አምስት የማይሠራ ኮምፒውተርና የተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት ተሰጥቷቸው ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የምከራከረው ከሐሳቡ ጋር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ያለ ኮምፒውተር አይጀመርም ብለን አምነናል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እስኪመጣ ስለ ኮምፒውተሩ እናስጠናለን። የደረጃው ጥያቄ ግን ለዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ጠመኔ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሳንቲሙ ቆጠራም ቢሆን አንድ ብር።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ተማሪ ስንፍና አወራ። በአራት ሳምንት ከምንም ተነሥተው ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የደረሱት ልጆች ተመርጠው የመጡ ናቸው፤ ከዚያ ፈተና ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ተገቢ አይሆንም። እንዲያም ሆኖ፣ ተመርጠው የመጡት ልጆች እንኳ ከዚያ ክረምት በፊት ይህን ዓይነት ትምህርት የሚያገኙበት ሌላ በር አልነበራቸውም። በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በርካታ ወጣቶችን ከኮድ ጋር ያስተዋውቃል፤ ጥሩ ነው። ስፋቱን እሱ ይያዝ። ጥልቀቱን ግን ከኢንተርኔት ላይ የምስክር ወረቀት በማውረድ አናገኘውም። ለዚያ ፊት ለፊት የቆመ፣ የተማሪውን ስህተት ዓይቶ “እስቲ ይሄ መንገድ የት ይሰናከላል?” የሚል መምህር ያስፈልጋል።

ፕሮፌሰር ጀላኒ ይህን አቋም በሚኖሩበት አገርም ይዘውት ወጥተዋል። ካሊፎርኒያ የሒሳብ ትምህርት ማዕቀፏን ስትከልስ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለተኛውን የአልጀብራ ኮርስ ትተው በምትኩ ቀለል ያለ የዳታ ሳይንስ ኮርስ ቢወስዱ የሚል ሐሳብ ነበር። ዓላማው ሒሳብ የከበዳቸውን፣ በተለይ የድሃና የጥቁር ቤተሰብ ልጆችን ለማገዝ ነው ተባለ። እሳቸው በግልጽ ተቃወሙ። አልጀብራ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የምሕንድስናም የዳታ ሳይንስም በር እንደሚዘጋበት ተከራከሩ። በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሚቴ እነዚያ ኮርሶች አልጀብራን እንደማይተኩ ወሰነ። አዲስ አበባ ላይ የሠሩትን ለሚያውቅ ሰው አቋማቸው አያስገርምም። ልጅን ማክበር ማለት ከባዱን ነገር እስኪገባው አብሮት መቀመጥ እንጂ ቀላሉን ሰጥቶ ማሰናበት እንዳልሆነ በሥራ አሳይተዋል።

ስለዚህ ፕሮግራም ሲነሣ የሚቀርብ አንድ ቅሬታ አለ፤ “ምርጦቹን እያሠለጠነ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ያስረክባል” ይባላል። ቅሬታውን አቃልዬ አላየውም። ጎበዝ ልጅ ሲሄድ አገር ትጎዳለች። ነገር ግን ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልደው ባሕር ማዶ ያደጉት ሰው ናቸው ተመልሰው መጥተው ያስተማሩት፤ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም። ቅሬታው እውነት የሚሆነው እኛ ምንም ሳንጨምርበት ስንቀር ነው። በአንድ ክረምት የሚማሩት ልጆች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ደግሞ ሚሊዮኖች። ክፍተቱን የበርክሌይ ፕሮፌሰር ብቻቸውን ይሙሉት ማለት ተገቢም የሚቻልም አይደለም።

ሞዴሉ ግን ሊቀዳ እንደሚችል ታይቷል። በ2022 ጃማይካ ላይ ጃምኮደርስ የተባለ እህት ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ያው አራት ሳምንት፣ ያው አልጎሪዝም፣ የሌላ አገር ልጆች። ባሕር ዳርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም፣ መቀሌም የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በየከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ፤ ክረምትም በየዓመቱ ይመጣል። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ይህንን ትምህርት ያውቁታል። ለአራት ሳምንት አንድ ክፍል፣ ሰሌዳና ጠመኔ፣ የተወሰኑ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ለምሳና ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ቢያገኙ፣ ሐምሌ ላይ ሊጀምሩ ይችላሉ።